ንድፍም አማና ነው

ምስጋና ሁሉ ምድርን ለፍጡራኑ ላመቻቸው፣ ውኃን በልክ ለሚያወርደው አላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሰላት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች ተርቢያ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ግን ብዙዎቻችን ከዲናችን ጋር ግንኙነት አለው ብለን የማናስበው ነው። ስለ ንድፍ ነው። ቤት የት እንደሚሠራ፣ መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ውኃ በየት እንደሚወርድ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚተከልና የትኛው እንደሚቆረጥ የሚወስን ሰው ሁሉ አማና ተሸክሟል። ውሳኔው ከእርሱ ዕድሜ በኋላም ይኖራል። የሚጠቀምበትም ሆነ የሚጎዳበት ብዙ ጊዜ ገና ያልተወለደ ሰው ነው። ለዚህ አባባሌ የማቀርባት ምስክር ድሬዳዋ ናት፤ ከድሬዳዋም ውስጥ የከተማው ሰው ስሟን ሰምቶ ጉዳይዋን የማያውቃት ዋሂል ናት።

ድሬዳዋ ከንድፍና ከፖለቲካ የተወለደች ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነና ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፤ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ጣቢያም ድሬዳዋ ሆነች። በደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላ ያለው ከዚራ ለባቡር ኩባንያው ሰዎችና ለውጭ ዜጎች ተቀየሰ። በሌላው ወገን መጋላ እንደ ሕዝቡ አኗኗር፣ እንደ ገበያውና እንደ መስጊዱ ስበት እያደገ ሄደ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የከተማዋ ንድፍ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ጥላ እንደሚያገኝ ወስኖ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱን ሰፈሮች የለየው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ቀን ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው ያቋርጥበታል፤ ከብት ያልፍበታል፤ ነጋዴም ሸቀጡን ይዘረጋበታል። አሸዋ የሚባለው ሰፈር ስሙ ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ከደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ከ2000 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ይህን ሁሉ ከፍታ ውኃ የሚወርደው በአጭር ርቀት ነው። ተራራው ዛፍና ሣር ለብሶ ሳለ የዘነበውን ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ ከተራቆተ በኋላ ግን የተቀበለውን እንዳለ ወደ ታች ይልከዋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩም ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነው ይኸው ነበር። ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። የሞቱትን አላህ ይማራቸው፤ ሰምጠው የሞቱትንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሸሂዶች ቆጥረዋቸዋልና ማዕረጋቸውን ከፍ ያድርግላቸው። ከሟቾቹ የሚበዙት ወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው። ሀብታም በወንዝ መሄጃ ላይ ቤት አይሠራም። ድሃው እዚያ የሠራው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ መሬት የሚሰጠው ስላልነበረ ነው።

በዚያው የሐምሌ ወር የሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ነበር። አንዷ ከተማ በአሠራሯ ስትመሰገን ጎረቤቷ በአሠራሯ አለቀሰች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረችው ሐረር፣ ጠባብ መንገዶቿ ጥላ የሚሰጡ፣ መስጊዶቿ ለየሰፈሩ የቀረቡ፣ ቤቶቿም የጎረቤትን ገመና የሚጠብቁ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህ ዓይነቱ አሠራር በኢስላም ምድር ሁሉ ሥር ያለው ነው። መሠረቱ መጉዳትም በጉዳት አጸፋ መጎዳዳትም የለም የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕግ ነው። በቱኒስ ከተማ ኢብኑ ራሚ የተባለ ግንበኛ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሕግ ላይ ተመሥርቶ ስለ ግድግዳ፣ ስለ መስኮት፣ ስለ ፍሳሽና ስለ መንገድ የሚዳኝ ኪታብ ጽፏል። የጣራህ ውኃ በጎረቤትህ ቤት ላይ ቢወርድ ቃዲው ይጠይቅህ ነበር። ንድፍ የቃዲ ጉዳይ ነበር፤ ስለዚህም የአላህ ፍርሃት ጉዳይ ነበር።

ይሁን እንጂ ሐረርን አሞግሰን ብቻ እንዳናልፍ ሌላ ትምህርት አለ። ለሐረር የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከዓመታት በኋላ ውኃ ተመለሰበት እንጂ ያን ጊዜ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ሜዳ ሆኖ ነበር። በደለል ተሞላ፤ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ተቀዳ፤ ለከተሞችም ተሳበ። ከአጥር ውስጥ ያለው አሠራር ያማረ ቢሆን፣ ከአጥር ውጭ ያለው ምንጭ ከተዘረፈ ከተማ ትጠማለች። ሐረር የጠጣችው ከሐይቁ፣ ድሬዳዋ የሰጠመችው ከተራራው ነው። የከተማ ዕጣ ከከተማው ወሰን ውጭ ይወሰናል።

ይህን ስናገር አንዳንድ ወንድሞች «ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ያለ አላህ ፈቃድ ቅጠል አይረግፍም። ግን ቀደርን ከዑመር (ረ.ዐ.) የበለጠ የተረዳ ማን ነው? ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል መልስ ሰጡ። ቀጥለውም በሸለቆ መሰሉላቸው፦ ግመሎች ይዘህ አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ በሆነ ሸለቆ ብትወርድ፣ በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ሐዲሡ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ የሚገኝ ነው። ሸለቆውን የፈጠረው አላህ ነው፤ ዳሩን እንድንመርጥ ዓይን የሰጠንም እርሱ ነው። ቤታችንን በአሸዋው ላይ ሠርተን ስናበቃ በቀደር ማሳበብ ከዑመር (ረ.ዐ.) ፊቅህ የራቀ ነው። ደግሞም የሩም ምዕራፍ 41ኛው አንቀጽ በየብስና በባሕር የተገለጠውን ጥፋት ከሰው እጅ ሥራ ጋር አያይዞታል።

አሁን ወደ ዋሂል እንውጣ። ዋሂል የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር የፌዴራሉ መንግሥት በ1996 ዓ.ም. ባወጣው ቻርተር የሚመራ ነው። የከተማም የገጠርም ክፍል አለው። በሬዲዮ «ድሬዳዋ» ሲባል የሚታሰበን ከፊራ፣ ከዚራ፣ ሳቢያንና ታይዋን ነው። ዋሂል ያለው ገበሬ ማሽላውን ይዘራል፤ ፍየሉን ያረባል፤ ዝናቡን ይጠብቃል። ዝናብ ሲቀር ማሽላው ይቀራል፤ ፍየሉ ይከሳል። ያን ጊዜ የቀረው ሀብት ግራሩ ነው። ግራሩ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በአህያ ተጭኖ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ እኛም ገዝተን ቡናችንን እናፈላበታለን። ቀጥሎ ጎርፍ ሲመጣ «ገጠሬው ደኑን ጨፍጭፎ ጨረሰው» እንላለን። ከሰሉን ግን የገዛው እጅ የማን ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መርከብ የሰጡት ምሳሌ ለዚህ ተስማሚ ነው። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ ሰዎች በመርከብ ላይ ዕጣ ተጣጥለው ከፊሎቹ ከላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ሆኑ። ከታች ያሉት ውኃ ሲፈልጉ በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። እነርሱን ላለማስቸገር በድርሻችን በኩል እንብሳ ብለው አሰቡ። ቢተዉአቸው ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ዑለማዎቻችን ይህን ሐዲሥ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ርዕስ ሥር ሲያስተምሩን ኖረዋል፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን አንባቢ ሌላም ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ከታች ያሉት መርከቡን ለመብሳት ያሰቡት በክፋት አይደለም። ተጠምተው ነው፤ እንዲያውም የላይኞቹን ላለማስቸገር ብለው ነው። ውኃ የማግኛው መንገድ አስቸጋሪ ሆኖ ተሠርቷል። እጃቸውን መያዝ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን እጃቸውን ይዞ ውኃ መንፈግ መፍትሔ አይሆንም። እጅ የሚይዝ ሰው ባልዲም ማቀበል አለበት።

የዋሂሏ እናት ከሰል እንዳታከስል መከልከል ቀላል ነው፤ በየኬላው ከሰሉን መውረስ ይቻላል። በምትኩ ምን ትብላ? ልጆቿን በምን ታስተምር? መልስ ሳይኖረን እጇን ብንይዝ ሐዲሡን ግማሽ ብቻ ሠራንበት። በድሬዳዋ መርከብ ላይ ደግሞ አቀማመጡ ተገልብጧል። በምድር አቀማመጥ ከላይ ያለው ገጠሬው ነው፤ በሥልጣን፣ በገንዘብና በመሰማት ከላይ ያለው ከተሜው ነው። ስለዚህ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሊያሰጥመው ይችላል።

ፖለቲካው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሙስሊም ፖለቲካ ሲባል የፓርቲ ሽኩቻ ይመስለውና «እኛን አይመለከተንም» ይላል። ካርታው ሲነደፍ ክፍሉ ውስጥ ማን ተቀመጠ? በጀቱ ለግንብ ነው ወይስ ለተራራው? መሬት የተሰጠው ለማን ነው? ወንዝ ዳር የቀረውስ ማን ነው? ፖለቲካ ማለት ይህ ነው። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ የሠሩትን እናመሰግናለን። ግንብ ግን ውኃውን ይገፋዋል እንጂ አይቀንሰውም። ውኃውን የሚቀንሰው እርከኑ፣ ክትሩና ሣሩ ነው፤ እነዚህ ያሉት ላይ፣ ጋዜጠኛ በማይደርስበት፣ ሪባን በማይቆረጥበት ቦታ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ እጥረት ያለበት ገበሬ በእህል ወይም በገንዘብ ምትክ እርከን እንዲሠራ አድርጓል። እስቲ አስቡት፦ የከተማውን ነፍስ የሚጠብቀውን ድንጋይ በተራራ ላይ የሚደረድረው የተራበ ሰው ነው። ከተሜው ስሙን አያውቀውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአምስተኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና በጠላት ልትከበብ ስትል ምን አደረጉ? ባልደረቦቻቸውን አማከሩ። ቦይ እንዲቆፈር የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ዘመድና ጎሳ በዚያ አገር ያልነበረው ፋርሳዊው ሰልማን (ረ.ዐ.) ነበር። «እንግዳ ነው» ተብሎ ሐሳቡ አልተጣለም። ንድፉ ከተወሰነ በኋላም የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዉ ጋር ቆፈሩ፣ አፈር ተሸከሙ፣ አብረው ተራቡ። ሹራ ማለት ይህ ነው። የሚያውቀው ይጠየቃል፤ የወሰነውም ከሚደክመው ጋር ይደክማል። ዑመርም (ረ.ዐ.) በዒራቅ ምድር በቅሎ ብትደናቀፍ መንገዱን ለምን አላስተካከልክላትም ተብዬ እጠየቃለሁ ብለው ይፈሩ እንደነበር ይነገራል። ለበቅሎ እንዲህ ከተፈራ በጎርፍ መውረጃ ላይ ለተኛ ሕፃንማ እንዴት ይሆን?

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። ጽዳትና ውበት ከዲናችን ነው፤ መብራትና የእግረኛ መንገድ የሚጠላ የለም። የምንጠይቀው በአደብ ነው፦ ከመንገዱ ዳር የተነሣው ሰው የት ሄደ? ድንጋይ የተነጠፈበት መሬት ዝናቡን ወዴት ይልከዋል? የተተከለው ዛፍ በድሬዳዋ ፀሐይ የሚጸና ነው ወይስ በየቀኑ ቦቴ ውኃ የሚጠይቅ? ያማረ ነገር ሁሉ የሚጠቅም አይደለም።

የዛፍን ነገር ካነሣን ፕሮሶፒስን እናስታውስ። ይህ እሾሃማ ዛፍ በላቲን አሜሪካ የበቀለ ነው። በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በረሃን ለማልማት፣ አፈርን ለማቆየት ተብሎ ወደ አገራችን ገባ፤ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ዓላማው መልካም ነበር፤ አርብቶ አደሩ ግን አልተጠየቀም። ዛሬ በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬት ውጧል፤ ሣር ያጠፋል፣ ከብት ያቆስላል፣ መንገድ ይዘጋል። በሰበእ ምዕራፍ 16ኛው አንቀጽ የሰበእ ሕዝቦች ግድባቸው ተጥሶ ሁለቱ አትክልቶቻቸው መራራ ፍሬ ባላቸውና በጠድቃ መሳይ ዛፎች እንደተተኩ ተነግሮናል። እነርሱን የቀጣቸው አላህ ምክንያቱንም ነግሮናል፦ ጸጋን መካድ። እኔ ያኛው ቅጣት ይኸኛው ነው አልልም፤ የአላህን ጥበብ አላህ ያውቃል። ግን ለም መሬት በእሾህ ሲተካ ያየ ሰው ያንን አንቀጽ ሲቀራ ልቡ መንቀጥቀጥ አለበት።

በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ሲጀመር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። መትከል ታላቅ ዒባዳ ነው። ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት፣ ቂያማ ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ እንዲተክለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ምንዳው የተያያዘው ግን ሰው፣ ወፍና እንስሳ ከሚበላው ፍሬ ጋር መሆኑን ልብ በሉ። ተተክሎ በሳምንቱ የደረቀ ችግኝ ማንን ያበላል? ቁጥሩ ለሪፖርት ነው፤ ጽድቀቱ ለአኺራ ነው።

እንግዲህ እኛ የከተማ ሙስሊሞች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመስጊዳችን እንጀምር። መስጊድ ሲሠራ ስለ ሚናራው ቁመት የምንከራከረውን ያህል ስለ ውዱእ ውኃው አንከራከርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ በሚገመት ውኃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። እኛ ቧንቧውን ከፍተን ከጓደኛችን ጋር እናወራለን። ድሬዳዋን በመሰለ ውኃ የከርሰ ምድር ጉድጓድ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ኢስራፍ ነው። የመስጊድ ኮሚቴዎች ቧንቧውን ያሻሽሉ፤ የውዱእ ፍሳሹንም ወደ ቦይ ከመልቀቅ ለግቢው ዛፍ ያውሉት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሐሳብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰደቃችንን ወደ ተራራው እንላክ። ዑስማን (ረ.ዐ.) በመዲና ውኃ በገንዘብ ይሸጥ የነበረበትን የሩማ ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች ወቅፍ አደረጉት። ዛሬ በዋሂል ለአንድ ቀበሌ የሚሆን የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ወይም ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ የሚያቀርብ ነጋዴ የዑስማንን (ረ.ዐ.) ሱና እየተከተለ ነው። ለከተማው አምስተኛ ሚናራ ከማቆም ለገጠሩ አንድ ጉድጓድ ማውጣት እንደሚበልጥ ለመናገር ሙፍቲ መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ መጠየቅ እንልመድ። ወንዝ ዳር መሬት ሲሸጥ አንግዛ፤ ሲሰጥም ለምን እንበል። ስለ ግንቡ ሪፖርት ሲቀርብ ስለ ተራራው እንጠይቅ። የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ለአበል ብቻ አንሂድ፤ ሄደንም ዝም አንበል። ሹመኛን በጨዋነት መጠየቅ ፊትና አይደለም፤ ነሲሓ ነው። ዲን ነሲሓ ነው የሚለው ሐዲሥ ለሙስሊሞች መሪዎችና ለሕዝባቸው ያለውን ነሲሓም ይጨምራል።

አራተኛ፣ ለኢማሞቻችንና ለኡስታዞቻችን የማቀርበው ልመና አለኝ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አንድ የጁሙዓ ኹጥባ ስለ ጎርፍ መውረጃ ይሁን። በወንዝ ዳር ያለ ጀመዓ ሌሊት ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ፣ አረጋውያንን ማን እንደሚያወጣ ይነገር። መስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለው፤ በሌሊት ከተማን የሚቀሰቅስ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ውድ አንባቢያን! በረዕድ ምዕራፍ 17ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ከሰማይ ውኃ እንደሚያወርድ፣ ሸለቆዎችም በየልካቸው እንደሚፈሱ፣ ጎርፉ አረፋ እንደሚሸከም፣ አረፋው ተጥሎ እንደሚጠፋ፣ ሰዎችን የሚጠቅመው ግን በምድር ላይ እንደሚቆይ አስተምሮናል። የእኛም ሥራ እንዲሁ ይበጠራል። ንግግሩ፣ ሪባኑና ፎቶው አረፋ ነው። ስሙ የማይታወቀው የዋሂል ገበሬ በባዶ ሆዱ የደረደረው እርከን ግን ይቆያል። የቂያማ ዕለት ሸለቆው እንዲመሰክር ቢደረግ ለማን እንደሚመሰክርና በማን ላይ እንደሚመሰክር እያንዳንዳችን ከወዲሁ እናስብ።

አላህ ከሚጠቅሙት ያድርገን፤ ዝናባችንን የራሕመት ያድርግልን፤ የሞቱብንን ይማር። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።